ሺፉ እስረኛ አልነበረም፦ ስለ ቻይናውያን ለተጻፈው የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ ሲዞር የከረመ አንድ ረዘም ያለ ጽሑፍ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ላኩልኝ። ሦስቱም «አንተ ከነሱ ጋር ስለሠራህ ምን ትላለህ?» ብለው ጠይቀውኛል። የጽሑፉ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ መንገድ ሊሠሩ ወደ አገራችን የሚመጡት ቻይናውያን ፍርዳቸውን በጉልበት የሚጨርሱ እስረኞች ናቸው፤ አገራቸው ድህነትን ከሥሩ ስለነቀለ የኑሮ ጭንቀት የለባቸውም፤ ተገዙ ሲባሉ ዝም ብለው የሚገዙ፣ መብት መጠየቅ የማያውቁ ሕዝብ ናቸው፤ በየሄዱበት አገር በር ተከፍቶ ስለሚጠብቃቸው የስደትን መከራ አያውቁትም፤ ከሰው አይቀላቀሉም፤ እኛንም ይበድላሉ። ስለዚህ ሊታዘንላቸው አይገባም ብለው ጸሐፊው ይደመድማሉ።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። በሠራተኞቻችን ላይ ስለሚደርሰው በደል የተሰማቸው ቁጭት ግን የእውነት መሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል፤ ብዕር ያነሣሁትም በዚህ ምክንያት ነው። ቁጭቱ ተገቢ ሆኖ ሳለ ያረፈው በተሳሳተ ሰው ላይ ነው። በእኛ አፍ «ቻይና» ሲባል አገሩም ነው፣ መንግሥቱም ነው፣ ኩባንያውም ነው፣ ቶሎ የሚበላሸው ዕቃም ነው፣ ኤክስካቫተሩ ላይ የተቀመጠው ሰውዬም ነው። ጽሑፉ እነዚህን ሁሉ እንደ አንድ ነገር ቆጥሮ ይሄዳል። እኔ ሰውዬውን ከሌሎቹ ለይቼ ላሳይ እፈልጋለሁ። ከዚህ በታች ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ በእኛ ሲሆን እገልጻለሁ።

«እስረኞች ናቸው» ከሚለው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያምነው ይህንን ነውና።

ቻይንኛ ተምሬ እንደጨረስኩ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። አራት ዓመት ሠራሁ። ከሁሉም በላይ አብሬው የዋልኩት የአፈር ሥራውን የሚመራ የሃምሳ ሁለት ዓመት ፎርማን ነበር። ቻይናውያኑም እኛም «ሺፉ» ነበር የምንለው፤ በቋንቋቸው ሙያውን ጠንቅቆ የሚያውቅና ለሌላው የሚያስተምር ሰው ማለት ነው። አገሩ የሲችዋን ገጠር ነው። በ2008 ሜይ 12 ቀን ሲችዋንን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ 69 ሺህ ያህል ሰው ገደለ፤ ወደ 18 ሺህ የሚሆኑት ደግሞ የገቡበት ሳይታወቅ ቀረ። የሺፉ ቤተሰብ በሕይወት ተረፈ፤ ቤቱ ግን ፈረሰ። ተበድሮ እንደገና ሠራው። ብድሩን የሚከፍልበት ሥራ እዚያው ሲያጣ ደላላ ወደ ውጭ አገር ሠራተኛ ከሚልክ ኤጀንሲ ጋር አገናኘው። ለኤጀንሲው ከፈለ፣ ማስያዣ አስያዘ፣ የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። ደመወዙ እዚያው አገሩ ባለው የባንክ ሂሳብ ይገባል፤ እዚህ የሚሰጠው ለሲጋራና ለስልክ ካርድ የሚበቃ ያህል ነው። ውሉን ሳይጨርስ ቢመለስ ማስያዣውን ያጣል። እህቱ ወይም ልጁ በኤጀንሲ በኩል አረብ አገር የሄደችበት ሰው ይህን ዓይነቱን ውል ሳላብራራለት ያውቀዋል።

ወሬው ከየት እንደመጣ ይገባኛል። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ፤ ፀጉራቸውን አጭር ይቆረጣሉ፤ በታጠረ ካምፕ ይኖራሉ፤ እሑድም በዓልም ይሠራሉ፤ ምሽት ሲወጡ አይታዩም። ከመንገድ ዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው እስረኛ ይመስላሉ። ይኸው ወሬ በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ለዓመታት ሲወራ ኖሯል፤ ነገሩን ከሥሩ የመረመሩ ተመራማሪዎች ግን ማስረጃ አላገኙለትም። እሑድ የሚሠሩበት ምክንያት ከወሬው ይልቅ ቀላል ነው። ኩባንያው ሥራውን በጊዜው ካላስረከበ ይቀጣል፤ ሠራተኛውም የዕረፍት ቀን ከሠራ ተጨማሪ ይከፈለዋል። ክረምት ገብቶ ዝናብ ሥራ ባስቆመን ቁጥር ሺፉ ከቆርቆሮው ቤት በረንዳ ላይ ቁጢጥ ብሎ ሰማዩን እያየ ሲጨነቅ አስታውሰዋለሁ። እስረኛ ዝናብ ሲዘንብ ያርፋል።

የአዲስ ዓመታቸው ዋዜማ ምሽት ሥራ ቆመ። ምግብ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ጠረጴዛ ከብቦ ጂያኦዚ ይጠቀልላል፤ እንደ ሳምቡሳ ተጠቅልሎ በውሃ የሚቀቀል ምግብ ነው። ሺፉ ዱቄት በነካው እጁ ስልኩን ከቴርሞሱ ጋር አስደግፎ አቆመው። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ መጀመሪያ እናቱ ታዩ፤ ቀጥሎ የአሥራ አንድ ዓመት ልጁ። ሚስቱ አልነበረችም፤ ዶንግጓን የጫማ ፋብሪካ ውስጥ ናት፣ በዚያ ዓመት የባቡር ቲኬት አላገኘችም። ልጅቷ «አባዬ መልካም አዲስ ዓመት» አለችና ሌላ የምትለው ጠፋት። ካሜራውን አየት አድርጋ ከስክሪኑ ወጣች። አያቷ «ነይ እንጂ፣ አባትሽ እኮ ነው!» እያሉ ሲጠሯት ይሰማል። ሺፉ ባዶ የቀረውን የቤቱን ግድግዳ ትንሽ አየና ስልኩን ሳይዘጋ ወደ መጠቅለሉ ተመለሰ። ትሪው ሞላ፤ ሌላ ትሪ መጣ፤ ያም ሞላ።

ይህን ያወራሁት ሁለተኛው ነጥብ፣ ማለትም «አገራቸው ድህነትን ስላጠፋ የኑሮ ጭንቀት የለባቸውም» የሚለው፣ ከዚያች ልጅ ጋር ስለሚያያዝ ነው።

ቻይና የሠራችውን ሥራ ማሳነስ አልፈልግም። የዓለም ባንክ እንደሚለው በአርባ ዓመት ውስጥ ወደ 800 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከከፋ ድህነት ወጥቷል። በሰው ልጅ ታሪክ ይህን የሚያህል ነገር የለም። ነገር ግን ከከፋ ድህነት መውጣትና ከጭንቀት መውጣት ለየቅል ናቸው። በ2020 ሜይ ወር የያኔው ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኬቺያንግ ራሳቸው በጋዜጣዊ መግለጫ ላይ 600 ሚሊዮን የሚሆን ሕዝብ የወር ገቢው 1,000 ዩዋን ገደማ መሆኑን ተናግረዋል፤ 140 ዶላር አካባቢ ማለት ነው። በዚያ ገንዘብ በአንድ መካከለኛ ከተማ ቤት መከራየት እንኳ እንደሚያዳግት ያሉትም እሳቸው ናቸው።

ገንዘብ ብቻም አይደለም። በቻይና እያንዳንዱ ሰው «ሁኮው» የሚባል የቤተሰብ ምዝገባ አለው። በ1958 በሕግ የጸና ሲሆን ሰውን የገጠር ወይም የከተማ ብሎ ከትውልድ ቦታው ጋር ያስረዋል። የእኛ የቀበሌ መታወቂያ ትንሽ ይመስለዋል፤ ያኛው ግን እጅግ ይጠነክራል። አንድ የሲችዋን ገበሬ ሼንዘን ሄዶ ሃያ ዓመት ፎቅ ቢሠራም ምዝገባው ገጠር እስከሆነ ድረስ ልጁን በከተማው የመንግሥት ትምህርት ቤት ማስገባት፣ እንደ ከተማው ነዋሪ መታከምና ጡረታ ማግኘት ይቸግረዋል። ልጁ ኮሌጅ መግቢያውን፣ ጋኦካኦ የሚባለውን ፈተና፣ በአብዛኛው ተመልሶ በተመዘገበበት ክፍለ አገር መፈተን አለበት። ትንንሾቹ ከተሞች ደንቡን እያላሉት መጥተዋል፤ ቤጂንግና ሻንግሃይ ግን አሁንም አጥብቀው ይዘውታል። ከገጠር ወጥቶ በዚህ ሁኔታ የሚሠራው ሰው ወደ 300 ሚሊዮን ይጠጋል፤ ከኢትዮጵያ ሕዝብ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። የመላው ቻይና ሴቶች ፌዴሬሽን በ2013 ባወጣው ሪፖርት እናታቸው ወይም አባታቸው ወይም ሁለቱም ለሥራ ርቀው ገጠር የቀሩትን ልጆች 61 ሚሊዮን አድርሷቸዋል። የሺፉ ልጅ ከነዚያ አንዷ ናት። ስልክ ላይ የሚያወራትን ሰው አባቷ መሆኑን ታውቃለች እንጂ አልለመደችውም።

ከተማ ተወልዶ ዲግሪ የያዘውም ቢሆን አልተመቸውም። በ2023 ጁን ወር ከ16 እስከ 24 ዓመት ያሉ የከተማ ወጣቶች ሥራ አጥነት 21.3 በመቶ ደረሰ፤ ከቀጣዩ ወር አኃዝ ጀምሮ መንግሥት ቁጥሩን ማውጣት አቆመ፤ በኋላ ስሌቱን ቀይሮ ተማሪዎችን በማስወጣት ነው እንደገና ማተም የጀመረው። ኤቨርግራንዴ የተባለው ትልቁ የቤት አልሚ በ2021 ዕዳውን መክፈል ሲያቅተውና ሌሎችም ሲከተሉት፣ የዕድሜ ልክ ቁጠባቸውን ከፍለው ቤት የሚጠብቁ ሰዎች ጅምር ሕንጻ ታቅፈው ቀሩ። በ2022 በብዙ ከተሞች «ቤቱ ሳያልቅ የባንክ ብድር አንከፍልም» ብለው አደሙ። አንዳንዶቹ ውሃና መብራት ባልገባበት ጅምር ፎቅ ውስጥ ገብተው መኖር ጀምረው ነበር። የቤት ዕጣ ስንት ዓመት እንደሚያስጠብቅ ለሚያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ይህ ባዕድ ታሪክ አይሆንበትም።

ረሃቡንም መርሳት የለብንም። የሺፉ እናት ከስልኩ ማዶ ለልጅ ልጃቸው «ሳህንሽን ጨርሺ» ሲሉ እንዲሁ የአሮጊት ጭቅጭቅ አልነበረም። ከ1959 እስከ 1961 በቻይና የወረደው ረሃብ ከ15 እስከ 45 ሚሊዮን የሚገመት ሕዝብ ጨርሷል፤ ሲችዋን ክፉኛ ከተጎዱት ክፍላተ አገር አንዷ ነበረች። የረሃቡ ዋና ምክንያት ድርቅ አይደለም። ካድሬዎች አለቆቻቸውን ለማስደሰት ያልተሰበሰበ እህል ተሰበሰበ እያሉ ሪፖርት አደረጉ፤ መንግሥት በሪፖርቱ ልክ ድርሻውን ጠይቆ ወሰደ፤ ገበሬውም ከእርሻው ተነሥቶ በጓሮ ምድጃ ብረት እንዲያቀልጥ ታዘዘ። ጎተራው ባዶ ቀረ። የ1977 ዓ.ም. ረሃብን ያየ ትውልድ ያለን ሰዎች እንዲህ ያለውን ሕዝብ «ችግር አያውቅም» ለማለት አፋችን ሊይዘን ይገባል።

ሦስተኛውን ሳነብ ከሁሉም በላይ አዘንኩ፤ «መብት መጠየቅ የማያውቅ ሕዝብ» የሚለውን። ጠይቀው ዋጋ የከፈሉትን ሰዎች ይሰርዛቸዋልና። ቤጂንግ ውስጥ መብት ሊጠይቁ የወጡ ሰዎች በወታደር የተገደሉበትን የ1989ኙን የቲያንአንመን ዕልቂት ሁሉም ስለሚያውቀው አልፈዋለሁ። የሱን ዢጋንግን ግን ብዙ ሰው አልሰማም። የ27 ዓመት ወጣት ነው፤ ዲዛይነር ሆኖ ሊሠራ ከሁቤይ ወደ ጓንግዡ መጣ። በ2003 ማርች ወር አንድ ምሽት ፖሊስ መንገድ ላይ አስቆመው። ጊዜያዊ የነዋሪነት ፈቃዱን አልያዘም ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተይዞ በገባበት ቦታ ተደብድቦ ሞተ። አንድ የጓንግዡ ጋዜጣ ታሪኩን አወጣው፤ አገሩ በቁጣ ተነሣ፤ የሕግ ምሁራን በግልጽ ደብዳቤ ሕጉ እንዲመረመር ጠየቁ፤ በዚያው ዓመት ከ1982 ጀምሮ የገጠር ሰው ከከተማ እየታፈሰ የሚባረርበት ደንብ ተሰረዘ። ዝም ያለ ሕዝብ ደንብ አያሰርዝም። የጋዜጣው ሰዎች በኋላ ለእስር ተዳርገዋል፤ ይህም መነገር አለበት።

በ2010 አይፎን የሚገጣጠምበት የሼንዘኑ የፎክስኮን ፋብሪካ ሠራተኞች ተራ በተራ ከፎቅ እየዘለሉ ሲሞቱ ኩባንያው ከሕንጻዎቹ ሥር መረብ ዘረጋ። በዚያው ዓመት ፎሻን ያሉ የሆንዳ የመለዋወጫ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ደመወዝ አስጨመሩ፤ ከመንግሥቱ ማኅበር በቀር ሌላ የሠራተኛ ማኅበር ማቋቋም በሚከለከልበት አገር ነው ይህን ያደረጉት። የኮምፒውተር ባለሙያዎቹ ደግሞ «996» ብለው የሰየሙትን የሥራ ሰዓት በ2019 ተቃወሙ፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት በሳምንት ስድስት ቀን ማለት ነው። በ2021 የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሕገ ወጥ ነው አለ፤ አሠራሩ ግን አሁንም በብዙ ቢሮ አለ። በ2022 ኖቬምበር ኡሩምቺ ከተማ፣ በኮቪድ ምክንያት ለወራት እንቅስቃሴ በተገደበበት ቦታ፣ አንድ የመኖሪያ ሕንጻ ተቃጥሎ አሥር ሰው ሞተ። ሟቾቹ ኡይጉሮች ነበሩ፤ በቻይና ምዕራብ የሚኖር ሙስሊም ሕዝብ ነው። ስለዚያ ሕዝብ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ መብት ጽሕፈት ቤት በዚሁ ዓመት ባወጣው ሪፖርት የተፈጸመበት ግፍ በሰብዕና ላይ የተፈጸመ ወንጀል ሊሆን እንደሚችል ገልጾ ነበር። ከቃጠሎው በኋላ በሻንግሃይ፣ በቤጂንግ፣ በዉሃን ወጣቶች ምንም ያልተጻፈበት ነጭ ወረቀት ይዘው አደባባይ ወጡ። በሳምንታት ውስጥ የኮቪዱ ገደብ ተነሣ። ከወጡት ብዙዎቹ ከዚያ በኋላ በየቤታቸው እየተፈለጉ ተያዙ።

ሺፉ ስለ ፖለቲካ አያወራም ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጠጠር የሚያራግፍ ገልባጭ መኪና ስንጠብቅ፣ በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ የጎረቤት ከተማቸው ትምህርት ቤት ልጆቹን ይዞ ሲወድቅ አጠገቡ ያለው የመንግሥት ቢሮ እንዳልወደቀ ነገረኝ። ልጆቻቸውን ያጡ ወላጆች ፎቶ ይዘው «ሲሚንቶው ማን በላው?» ብለው ጠየቁ፤ አቤቱታቸውን እንዲተዉ ተገደዱ አለኝ። ይህን ሲናገር ድምፁን ዝቅ አደረገና ወደ ኋላው ዞሮ አየ። የቆምነው ከብት በሚግጥበት ሜዳ መካከል ነበር፤ ቻይንኛ የሚሰማ ከእኔ በቀር በአካባቢው አልነበረም። እንዲህ ዓይነቱን ዝምታ የእኛ አባቶችና እናቶች ያውቁታል። አለማወቅ ብለን ብንጠራው ደስ አይላቸውም።

«በየሄዱበት በር ይከፈትላቸዋል፣ ስደትን አያውቁም» የሚለው አራተኛው ነጥብ ደግሞ ከታሪክ ጋር በቀጥታ ይጋጫል።

አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር ያገናኘውን ባቡር የምዕራቡን ክፍል በአብዛኛው የሠሩት ቻይናውያን ናቸው፤ ከአሥር ሺህ በላይ ሰዎች። ሴራ ኔቫዳ ተራራን በመዶሻና በባሩድ እየፈለፈሉ በበረዶ ናዳ እየተቀበሩ ነው የሠሩት። ነጮቹ ሠራተኞች ቀለብ ከደመወዝ በላይ ሲሰጣቸው ቻይናውያኑ ከደመወዛቸው ይበሉ ነበር። በ1867 እኩል ክፍያና አጭር የሥራ ሰዓት ጠይቀው በሺዎች አደሙ። ኩባንያው የምግብ አቅርቦታቸውን ቆርጦ በሳምንት ገደማ በረሃብ አስገብሯቸዋል። ባቡሩ በ1869 አለቀ። በ1871 ሎስ አንጀለስ ውስጥ፣ በ1885 ሮክ ስፕሪንግስ በሚባል የማዕድን ከተማ በደቦ ተገደሉ፤ ሮክ ስፕሪንግስ ላይ ብቻ 28 ሰው። በ1882 አሜሪካ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይገባ በሕግ ከለከለች፤ አንድን ሕዝብ በዘሩ ለይቶ የከለከለ የመጀመሪያው ትልቅ የስደት ሕጓ ነው። የተነሣው በ1943 ሲሆን ያኔም የተፈቀደው በዓመት ለ105 ሰው ነበር። ካናዳ ለእያንዳንዱ ገቢ ቻይናዊ የራስ ግብር ጣለች፤ በ1903 500 ዶላር ደረሰ፤ ይቅርታ የጠየቀችው በ2006 ነው።

ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ባለችው አንጀል ደሴት ከ1910 እስከ 1940 የሚመጣው ቻይናዊ ለሳምንታት፣ አንዳንዴ ለወራት ታግቶ ይመረመር ነበር። «የቤታችሁ ደረጃ ስንት ነው? የሩዙ ዕቃ የሚቀመጠው የት ጋ ነው? ጎረቤታችሁ ስንት ልጅ አለው?» መልሱ ዘመድ ነኝ ካለው ሰው መልስ ጋር ካልገጠመ ይመለሳል። የታጋቾቹ ግጥሞች በእንጨቱ ግድግዳ ላይ ተቀርጸው ተገኝተዋል፤ ከ200 በላይ ናቸው። ዛሬ ኤምባሲ ደጅ ወይም የስደተኛ ፍርድ ቤት ውስጥ «የወንድምህ ልደት መቼ ነው?» እየተባለ የሚጠየቅ ኢትዮጵያዊ ያንን ግድግዳ ቢያየው የሚገባው ይመስለኛል።

ደቡብ ምሥራቅ እስያ ውስጥም በር አልተከፈተላቸውም። ዛሬ ጃካርታ በምትባለው ባታቪያ በ1740 ሆላንዶችና ግብረ አበሮቻቸው አሥር ሺህ የሚገመቱ ቻይናውያንን ፈጁ። ኢንዶኔዥያ ከ1960ዎቹ አጋማሽ በኋላ ፊደላቸውን ከአደባባይ አገደች፣ ስማቸውን ወደ ኢንዶኔዥያ ስም እንዲለውጡ ገፋቻቸው፤ በዓላቸውን በግልጽ ማክበር የቻሉት በ2000 ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ እገዳውን ሲያነሡ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1998 ሜይ፣ ሱቆቻቸው ተቃጥለዋል፣ ሴቶቻቸው ተደፍረዋል።

የቅርቡን ደግሞ እዩ። ከፉጂያን የባሕር ዳር መንደሮች ሰው የሚያሻግሩትን ደላሎች በቻይንኛ «ሼቶው» ይሏቸዋል፤ የእባብ ራስ ማለት ነው። ቤተሰብ በሙሉ ተበድሮ አንድ ልጅ ይልካል፤ ልጁ ዕዳውን ለመክፈል ዓመታት ይሠራል። በ2000 ጁን ወር እንግሊዝ ውስጥ ዶቨር ወደብ ላይ ቲማቲም የጫነ መኪና ሲከፈት 58 ቻይናውያን ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ሹፌሩ የአየር ማስገቢያውን ዘግቶት ነበር። ሁለት ሰው ብቻ ተረፈ። በ2004 ፌብሩዋሪ 5 ምሽት ሞርካም በተባለው የእንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በጨለማ ከአሸዋ ውስጥ ዛጎል ሲለቅሙ የነበሩትን ማዕበሉ ከበባቸው። ቢያንስ 21 ሰው ሰጠመ። አካባቢውን የማያውቁ፣ ውሃው መቼ እንደሚሞላ ያልተነገራቸው ሰዎች ናቸው። በ2013 ጣሊያን ፕራቶ ውስጥ የልብስ ስፌት ቤት ሲቃጠል ሰባት ቻይናውያን ሞቱ፤ የሚሠሩትም የሚያድሩትም እዚያው ነበር። በ2023 ደግሞ ከ25 ሺህ በላይ ቻይናውያን በኮሎምቢያና በፓናማ መካከል ያለውን የዳሪየን ጫካ በእግራቸው አቋርጠው ወደ አሜሪካ አመሩ። በዚያው ጫካ ኢትዮጵያውያንና ኤርትራውያንም አልፈዋል።

በሜዲትራኒያንና በየመን ባሕር ልጆቻችንን ቀብረናል። የዶቨሩን መኪና ታሪክ ሳነብ ወደ አእምሮዬ የመጣው በረሃ ላይ ታሽጎ የቀረ መኪናና በውስጡ ያሉት የእኛ ልጆች ነበሩ።

«ከሰው አይቀላቀሉም» ለሚለው አምስተኛ ነጥብ ብዙ አልልም። አጥሩን የሚሠራው ኩባንያው ነው፤ ከካምፕ መውጫ ሰዓቱንም የሚወስነው ኩባንያው ነው። ኩባንያው የሚፈራውም ያለ ምክንያት አይደለም። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 ዓ.ም. ኦጋዴን ውስጥ አቦሌ በተባለው የነዳጅ ፍለጋ ሥፍራ ላይ በደረሰው ጥቃት 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን አብረው ተገደሉ። በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ካምፕ። አንድም ቀን ተቀላቅለው ካልነበሩ አብረው አይሞቱም ነበር። ደግሞስ እኛ ምን ያህል ቀርበናቸዋል? ፒካፑ መንደር ውስጥ ባለፈ ቁጥር ልጆች «ቻይና! ቻይና!» እያሉ ይሮጣሉ። ሺፉ መጀመሪያ ሰሞን ምን እያሉ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ የአገርህን ስም ነው አልኩት። «ቼንግዱ ፎቅ ስሠራም ስሜን የሚጠራኝ አልነበረም፤ እዚያ ‹ኖንግሚንጎንግ› ነበር የምባለው» አለኝ፤ ከገጠር የመጣ የቀን ሠራተኛ ማለት ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ለልጆቹ እጁን አወዛወዘላቸው።

ስድስተኛው ነጥብ፣ እኛን ይበድላሉ የሚለው፣ ግማሹ እውነት ነው። እኔም ምስክር ነኝ። በሠራሁበት ቦታ የቀን ሠራተኞች ያለ ውል ይቀጠሩ ነበር፤ ጓንትና ጫማ የሚሰጠው ተቆጣጣሪ ሲመጣ ነበር። አንድ ጊዜ ሁለት ወር ሙሉ ደመወዝ ሲዘገይ «ይህንን ንገራቸው» እየተባልኩ የምተረጉመው እኔ ነበርኩ፤ ያንን ቀን ሳስታውስ አሁንም ያመኛል። የጓንግዡም ነገር እንዲሁ ነው፤ በ2020 ኤፕሪል በኮቪድ ሰበብ አፍሪካውያን ከተከራዩት ቤትና ከሆቴል ተባርረው ጎዳና አድረዋል፤ የአፍሪካ አምባሳደሮች በጋራ አቤት ብለዋል። ዘረኝነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

ነገር ግን ደመወዙን ያዘገየው ማነው? ሺፉ የእሱም ደመወዝ በዚያው ሁለት ወር አልገባለትም ነበር። ሚስቱ ደውላ ስትጮህበት ሰምቻለሁ። ያዘገየው የፕሮጀክቱ ቢሮ ነው፤ ያንን የቻለውም ጠያቂ ስለሌለው ነው። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ ወለሉ ግን ለግል ሠራተኛ ሳይወሰን ዓመታት አልፈዋል። የሥራ ተቆጣጣሪዎች ካምፕ የሚመጡት አስቀድመው ደውለው ነው። ጸሐፊው ባቀረቡት የበደል ዝርዝር ውስጥ ይህ አንድም ቦታ አልተጠቀሰም፤ በደሉ በሙሉ የአንድ ሕዝብ ጠባይ ሆኖ ቀርቧል። ጠባይ ነው ካልን ደግሞ የምንጠይቀው ቢሮ፣ የምንከሰው አሠሪ፣ የምናስተካክለው ሕግ አይኖርም። ፎክስኮን ውስጥ መረብ የተዘረጋባቸውን ልጆችና የእኛን የቀን ሠራተኞች የበደለው አሠራር አንድ ነው፤ የሚጠየቀውም አሠሪውና ቁጥጥሩን የተወው መንግሥት ነው።

ለጸሐፊው በቀጥታ የምለው አለኝ። ስለ ሠራተኞቻችን የጻፉትን ይቀጥሉበት፤ እኔም ያየሁትን በስሜ እመሰክራለሁ። «እስረኞች ናቸው» የሚለውን አንቀጽ ግን እንዲያወጡት እጠይቃለሁ። አንድ የፍርድ ወረቀት፣ አንድ የእስር ቤት ስም፣ አንድ ያነጋገሩት ሰው ካለዎት ያቅርቡ፤ እኔም ይህን ምላሽ አርማለሁ። ከሌለዎት ጽሑፍዎን ያነበቡ ወጣቶች ነገ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ የሚያዩት ሰው ወንጀለኛ እየመሰላቸው ነው የሚያልፉት።

ሺፉ ውሉ ሲያልቅ ተመለሰ። ብድሩ ያኔም አላለቀም ነበር። ልጁ አሁን ለጋኦካኦ የምትደርስበት ዕድሜ ላይ ናት።